ግፊቱ አንድ ከሆነ ልቡ ስለምን ተለየ?

ውድ ተማሪዎች፣

ከእናንተ አንዷ «ፕሮቲን የማይሠሩ አር ኤን ኤዎችን (በሕዋስ ውስጥ ከዲ ኤን ኤ የሚገለበጡ ቅንጣቶችን) ማጥናት ጎንደር ላለን ሰዎች ምን ይረባናል?» ብላ ስትጠይቀኝ ወዲያው ያልመለስኩላት፣ ጥያቄዋ የቆየ ጸጸት ስለቀሰቀሰብኝ ነው።

በወጣትነቴ ከደምቢያ የመጣ ገበሬ አስተኝተን እናክም ነበር። የደም ግፊቱ ለዓመታት ሳይታከም በመቆየቱ እግሩ እስከ ጉልበቱ አብጦ፣ ሌሊቱን ተጋድሞ መተንፈስ ተስኖት ቁጭ ብሎ ያነጋ ነበር፤ በራጅ ሲታይም ልቡ እጅግ ሰፍቷል። የሚያስታምመውን ታላቅ ወንድሙን ስለካው የእሱም ግፊት ከታማሚው አያንስም፤ ሰውየው ግን ዳገት ሲወጣ እንኳ ትንፋሽ አያጥረውም። «ዶክተር፣ ግፊቱ አንድ ከሆነ የእሱን ልብ ብቻ ስለምን ጎዳው?» አለኝ። መጻሕፍቱም መምህሮቼም «የሰው ተፈጥሮ ይለያያል» ከማለት ያለፈ መልስ አልነበራቸውም። ታማሚው ዐረፈ፤ ወንድምየውም መልስ ሳያገኝ ወደ አገሩ ተመለሰ። የመልሱ ጫፍ ብቅ ሲል እሱን የማገኝበት መንገድ አለመኖሩ እስካሁን ይቆጨኛል።

የልብ ጡንቻ ሕዋሳት በዐዋቂ ሰው ላይ እምብዛም ስለማይባዙ፣ ጫና ሲበዛባቸው እያንዳንዳቸው ይወፍራሉ። ፕሮቲን ከማይሠሩት አር ኤን ኤዎች መካከል ማይክሮ አር ኤን ኤ የሚባሉት አጫጭር ቅንጣቶች ደግሞ የፕሮቲን መሥሪያ መመሪያ ከሚያደርሰው ከመልእክተኛው አር ኤን ኤ ጋር ተጣብቀው ፕሮቲን እንዳይሠራ ያግዱታል። እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመ ጥናት፣ ማይክሮ አር ኤን ኤ 208 የሌላቸው አይጦች የደም ቧንቧቸው ጠብቦ ልባቸው ጫና ቢበዛበትም፣ ጡንቻው እንደ ሌሎቹ አልወፈረም። አይጥ የደምቢያ ገበሬ አይደለም፤ ሆኖም ጫናው አንድ ሆኖ ልብ ሊለያይ እንደሚችል በዓይን ታየ። የእነዚህ ቅንጣቶች የመጀመሪያው በ1993 የተገለጸው ከትንሽ ትል ነው፤ ያገኙት ቪክተር አምብሮስና ጋሪ ራቭከን የኖቤል ሽልማት የተሰጣቸው በ2024 ነው። የዛሬ ወጣቶች ነገ መድኃኒት የማይሆን ዕውቀት ቶሎ ይሰለቻችኋል፤ ይህ ያሳስበኛል።

አንድ ጽሑፍ አንብባችሁ አትደምድሙ። በ2008 ማይክሮ አር ኤን ኤ 21ን ማገድ የልብን ጠባሳና መወፈር እንደሚቀንስ ተጽፎ ነበር፤ በ2010 ግን ያ ቅንጣት ጨርሶ የሌላቸው አይጦች ልባቸው እንደ ሌሎቹ ወፈረ። ክርክሩን ከሥሩ ተከታተሉት።

ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ካልታዘዘ ልብ የማያዳምጥ ሐኪም ያሳዝነኛል፤ መጀመሪያ ጆሯችሁን አሠልጥኑ እላለሁ። ይሁንና የወንድምየውን ጥያቄ ጆሮዬ አልመለሰልኝም፤ ስለዚህ ቤተ ሙከራውንም ዛሬውኑ ጀምሩት።

ከላይ የጠቀስኳቸው ጥናቶች በግፊት የተጫነ የአይጥ ልብን የሚመለከቱ ናቸው። በእኛ ክፍሎች ግን በቶንሲል መዘዝ የልባቸው በር የተበላሸ ልጆችና ከወሊድ በኋላ ልባቸው የደከመ እናቶች ይተኛሉ። ማይክሮ አር ኤን ኤውን ለመለካት የእነሱን ደም ስትቀዱ ፕላዝማውን (የደሙን ፈሳሽ ክፍል) ሳይዘገይ ለዩት፤ ቀይ የደም ሕዋሳት ከፈረሱ የራሳቸው ማይክሮ አር ኤን ኤ ይቀላቀልና ከልብ የመጣውን ለመለየት ያስቸግራችኋል።