አራተኛ ክፍል ገብተው ማንበብ ላቃታቸው ልጆች ቱቶሪያል ይበቃል ወይ ላልሽው

እህቴ፣ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ አራተኛ ክፍል እንደምታስተምሪና ግማሹ ልጅ ማንበብ እንደማይችል ጽፈሽ፣ ቱቶሪያል ልጀምር ወይ ብለሻል። ጀምሪ። ግን መጽሐፉን መልሶ የሚደግም ቱቶሪያል ከሆነ ድካምሽን ውሃ በላው። ፊደል ያልለየ ልጅ ያንኑ ምንባብ ሁለቴ ቢሰማው ምን ያተርፋል?

1. እያንዳንዱን ልጅ ለብቻው፣ ድምፁን እያሰማ እንዲያነብ አድርገሽ ፈትኚ። ከአራት ቀላል ዓረፍተ ነገሮች ጀምሪ። ከተወጣው ረዘም ወዳለ ታሪክ፤ ካቃተው ወደ ቃል፣ ከዚያ ወደ ፊደል ውረጂ። በቃልና በፊደል ከአምስት አራት ካገኘ አልፏል። ፊደሉን በተርታ እንዳታስነብቢ! «ሀ ሁ ሂ»ን በዜማ የሚያወርደው ልጅ «ቴ»ን ነጥለሽ ስታሳዪው ዝም ይላል። ሙ፣ ቴ፣ ሊ፣ ቦ እያልሽ አዘበራርቂ። ከሸገር ከተማ የተዛወሩትን በቁቤም (ኦሮምኛ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል) ፈትኚያቸው፤ በኦሮምኛ አቀላጥፎ የሚያነብን ልጅ «ማንበብ አይችልም» ብሎ መመዝገብ ግፍ ነው። እሱ የጎደለው ምናልባት የግዕዝ ፊደል ብቻ ነው።

2. ከሦስተኛ እስከ አምስተኛ ክፍል ያሉትን ቀላቅላችሁ፣ በክፍላቸው ሳይሆን በፈተናው በደረሱበት ደረጃ መድቡ። ይህ ግን የራሱ ሰዓት ከሌለው አይሠራም፤ ብዙ ትምህርት ቤት የሚወድቀውም እዚህ ላይ ነው። ሕንድ ውስጥ ፕራታም የተባለው ድርጅት ይህንኑ በደረጃ የማስተማር ዘዴ በቢሃር ክፍለ ግዛት ሲያስሞክር፣ መምህራኑ ሠልጥነውና መርጃ መሣሪያ ተሰጥቷቸው በመደበኛው ክፍለ ጊዜ ለውጥ አልታየም። የመንግሥት መምህራን ትምህርት በተዘጋበት የዕረፍት ወቅት ሲያስተምሩበት ግን ልጆቹ ተሻሻሉ። ስለዚህ ችግሩ የመምህሩ ስንፍና አልነበረም፤ በመደበኛው ሰዓት መጽሐፉን መጨረስ ሁሉን ይውጠዋል። በ2012–13 እ.ኤ.አ. በሃርያና በቀን አንድ ሰዓት ተለይቶ ልጆቹ በደረጃ ሲመደቡና ክትትል ሲደረግ ንባባቸው ተሻሻለ። በኡታር ፕራዴሽ ደግሞ የፕራታም ሠራተኞች የመሩት የ10 እና የ20 ቀን የትምህርት ካምፕ ውጤት ከዚያም እጅግ የላቀ ነበር።

እኛ ጋ ሱፐርቫይዘር ሲመጣ የመጀመሪያ ጥያቄው «ስንተኛው ገጽ ደረሳችሁ?» ነው። ልጁ ያነብ አያነብ የሚጠይቅ የለም፤ ያበሳጫል። ስለዚህ ሰዓቱ በፈረቃችሁ ፕሮግራም ላይ ገብቶ ርዕሰ መምህሩ ይፈርሙበት፤ የቃል ፈቃድ በማግስቱ ይረሳል።

ወላጅ «ልጄን ከደካማ ደባለቃችሁት» ቢል፣ በኬንያ 121 ትምህርት ቤቶች በተደረገ ጥናት ልጆች በውጤታቸው ሲከፈሉ ዝቅተኛው ክፍል የገቡትም ተጠቅመዋል በሉት። ግን ምደባው እንዳይደርቅ፤ በየአሥር ቀኑ እንደገና ፈትናችሁ ያለፈውን ወደሚቀጥለው ቡድን አሻግሩ። ጎበዙን መምህር ደግሞ ለታሪክ አንባቢዎቹ ሳይሆን ለፊደሉ ቡድን ስጡ።