ከጥቁር አዝሙዱ በፊት ካሬውን ቁጠሩ

ሰላም ልጆች። ቢሾፍቱ አካባቢ ዶሮ ሳክም ነው ያረጀሁት፣ አሁንም ስልኬ አያርፍም፣ ጥያቄው ደግሞ አንድ ነው፦ «ጋሼ፣ ለስጋ ዶሮ መኖ ላይ ለመጨመር ነጭ ሽንኩርት ይሻላል ጥቁር አዝሙድ?» እኔም «በካሬ ሜትር ስንት ዶሮ አስገባህ?» ስል ዝም ይላል።

ጫጩቷ ስትመጣ 40 ግራም ብትሆን ነው፣ ቤቱ ሜዳ ይመስላችኋል፤ የስጋ ዶሮ ዝርያዎቹ ኮብ 500ም ሆነ ሮስ 308 በደንብ ከበላች ግን በ6 ሳምንት 2 ኪሎ ታልፋለች። ስለዚህ ቦታ የሚሰላው በሚወጡበት ቀን ኪሎ ነው። በካሬ 15 ካስገባችሁ መጨረሻ ላይ 30 ኪሎ ነው፣ የአውሮፓ ህግ እንኳ መነሻው 33 ሆኖ ከዛ በላይ ለሚሄድ የአየር መቆጣጠሪያ ይጠይቃል፣ እኛ ደግሞ ያለን የሽቦ መስኮት ነው። እኔ ከ10 አትለፉ ባይ ነኝ።

ሲጠጋጉ ሙቀቱ ከመሃላቸው አይወጣም፣ ያለከልካሉ፣ መብላት ይቀንሳሉ፣ ደካሞቹ መመገቢያው ጋ አይደርሱም፣ ጉዝጓዙ ይረጥብና አሞኒያ የሚባለው የሚያቃጥል ጋዝና ኮክሲ የሚባለው የአንጀት በሽታ ይከተላል። ማታ ግቡና ቁጢጥ በሉ፣ ቆማችሁ የማይሸታችሁ ነገር እነሱ ቁመት ላይ አይን ያቃጥላል። ጉዝጓዙን ጨብጡና ልቀቁት፤ እንደ ሊጥ ተድቦልቡሎ ከቀረ ረጥቧል።

ቅጠላ ቅጠሉን አልጠላም። አውሮፓ በ2006 ለማሳደጊያ የሚሰጥ አንቲባዮቲክ ከከለከለች ወዲህ ብዙ ተመራማሪ ወደዚህ ዞሯል፣ ነጭ ሽንኩርቱም ጦስኙም አንጀት ውስጥ ያለ ባክቴሪያ ላይ የሚሰራ ነገር አላቸው። ግን ውጤቱ እንደ አደራረቁና እንደ መጠኑ ይለያያል፣ ሽፈራው ደግሞ በብዛት ከገባ አሰሩ (ፋይበሩ) እድገት ይጎትታል፣ የጉምቦሮና የፈንግል በሽታዎች ክትባትንማ የሚተካ የለም! መሞከር ካማራችሁ አንድ ቀን የገቡትን ለሁለት ክፈሉ፣ ካሬው እኩል ይሁን፣ ለግማሹ ከ100 ኪሎ መኖ 1 ኪሎ የተፈጨ ጥቁር አዝሙድ ቀላቅሉ፣ የበሉትንም የጨመሩትንም በሚዛን ያዙ። ከወጪያችሁ ትልቁ መኖ ስለሆነ አዝሙዱ ዋጋውን ካልመለሰ ለድፎ ዳቦ ይሁን።

ደሞ ፋሲካ ሲመጣ ቁጥር መጨመር ትወዳላችሁ። ፆሙ ላይ ገዢ ይጠፋል፣ ቶሎ የደረሰው አይወጣም፣ እዛው እየከበደ ቤቱ በየቀኑ ይጠባል። ከበዓሉ 6 ሳምንት ወደኋላ ቆጥራችሁ አስገቡ፣ ቁጥሩን እንዳለ ተዉት።