ስለ ሽሽተኛው ሐኪም የጠየቃችሁኝ

«ለማንም አትንገር» ስለተባለው የፈረንሳይ ፊልም (እ.ኤ.አ. 2006) ከጻፍኩ ወዲህ ጥያቄ በዝቶብኛል። ላላያችሁት በአጭሩ፦ አሌክሳንደር ቤክ የሕፃናት ሐኪም ነው። ሚስቱ ከተገደለች 8 ዓመት ሆኗታል። አንድ ቀን በሕይወት ያለች የሚያስመስል ቪዲዮ በኢሜይል ይደርሰዋል። በዚያው ሰሞን ፖሊስ ሐይቁ አጠገብ ሁለት አስከሬን ያገኝና ባልየውን ይጠረጥራል፤ እሱም ይሸሻል።

እውነተኛ ታሪክ ነው?

አይደለም። የአሜሪካዊው ሃርላን ኮበን ልብ ወለድ ነው። ፈረንሳዊው ዳይሬክተር ጊዮም ካኔ ታሪኩን ወደ ፓሪስ አመጣው።

ዋናው ተዋናይ ማነው?

ፍራንስዋ ክሉዜ። በዚሁ ፊልም ሴዛር የተባለውን የፈረንሳይ የፊልም ሽልማት ወስዷል።

«ንጹሕ ከሆነ ለምን በመስኮት ይዘላል? ቁጭ ብሎ አይከራከርም?»

ከታሰረ ሚስቱን ማን ይፈልግለታል? በዚያ ላይ ያንን የቀለበት መንገድ ሩጫ እናጣ ነበር! በእውነተኛው ዓለም ስለ መሸሽ ግን ጠበቃ ጠይቁ።

አንድ አንባቢ ደግሞ ቤክን ከፖሊስ የሚያስመልጠው ዱርዬ፣ ብሩኖ፣ አልተዋጠላቸውም። ዱርዬ ለሐኪም ብሎ ነፍሱን አይሰጥም ባይ ናቸው።

እኔን ግን ከሁሉም በላይ ያሳመነኝ እሱ ነው። የብሩኖ ልጅ ሰውነቱ በልዞ ሐኪም ቤት ሲመጣ፣ አባትየው ደብድቦት ነው ተባለ። የአባትየው ዱርዬነት ለፍርድ በቂ ሆነ። ቤክ ግን ልጁን መረመረው። ሄሞፊሊያ ነበር። በዚህ ሕመም ደም የሚያረጋ ፕሮቲን ይጎድላል። ትንሽ ግጭት ሰፊ ቦታ ያበልዛል፤ ጉልበትና ክርን ውስጥ ደም ይፈስሳል። በአብዛኛው የሚታመሙት ወንዶች ናቸው። ላላወቀ ሰው ልክ የተደበደበ ልጅ ይመስላል። እንግዲህ በኋላ ፖሊስ «ባልየው ነው» ሲል፣ ብሩኖ ያንን ንግግር ያውቀዋል። «አባትየው ነው» ተብሎ ያውቃላ! ሁሉም ሲፈርድበት ቀርቦ ያየው አንድ ሰው ብቻ ነው። ለዚያ ሰው መኪና ማስነሳት ምኑ ይገርማል?

አንዲት እናት ልጃቸው ያለ ምክንያት እንደሚበልዝ፣ ሲገረዝም ደሙ አልቆም ብሎ እንደነበር ጽፈው «እንደ ፊልሙ ይሆን?» ይላሉ።

እህቴ፣ ይሄ ለፊልም ጸሐፊ የሚጻፍ አይደለም። ነገ ጠዋት ልጁን የሕፃናት ሐኪም ዘንድ ይውሰዱት። የግርዛቱን ነገር ሳይጠየቁ ይናገሩ። መርፌ ሊወጉት ከሆነም አስቀድመው ይንገሯቸው። እስከዚያ አስፒሪንም አይቡፕሮፌንም እንዳይሰጡት። «በዘራችን የለም» ብለውም አይቅሩ፤ ከታማሚዎቹ ሲሶ ያህሉ በቤተሰባቸው አልታየም። ምሽት ላይ ወድቆ ጭንቅላቱን ከተመታ ደግሞ ነገን አይጠብቁ፤ ያኔውኑ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት። እባክዎ ይሂዱ።

«መጨረሻውን ንገረን።»

ርዕሱን አንብቡት።

በአማርኛ ትርጉም ቢያዩት ይሻል እንደሆነ የጠየቁኝም አሉ።

ተራኪው ገዳዩን ቀድሞ የሚነግራችሁ ዓይነት ካልሆነ፣ ምን ቸገረኝ።