ዝቅ ላለች ቮልስ ስንት ቁጥር ጎማ?
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ «በ1969 (እ.ኤ.አ.) የተሠራች ቮልስ አለችኝ። ፊቷንም ኋላዋንም ዝቅ አስደርጌያታለሁ። 155/80-15 ጎማዋ አልቆ ልቀይር ስል ጎሚስታው ‹195/65-15 ግጠም፣ እንደ ልብ የሚገኘው እሱ ነው፣ ሰፊ ስለሆነም መሬት ይይዛል› አለኝ። ጓደኞቼ ደግሞ አራቱንም 145/65-15 ካደረግኩ ይበልጥ እንደምትተኛ ይነግሩኛል። ከተማ ውስጥ እነዳታለሁ፤ አልፎ አልፎም አዲስ አበባ ደርሼ እመለሳለሁ። የማንን ልስማ?» (አንባቢ፣ ከጅማ ቆጪ)

መልስ፦ ሁለቱም ምክር አይበጅዎትም። ቮልስ ላይ የፊትና የኋላ ጎማ ለየብቻ ይታሰባል። ኋላ 155/80-15 ይመልሱ፤ ዝቅ ያለ ጎማ ካማረዎት ፊት ላይ ብቻ ያድርጉት።

መጀመሪያ ቁጥሩን እንፍታው። 155 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 80 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ ስንት በመቶ እንደሆነ ይናገራል፤ የ155 ሰማንያ በመቶ 124 ሚሊ ሜትር ነው። 15 የቸርኬው ቁመት (ዲያሜትሩ) በኢንች ሲሆን 381 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ጎኑ ከላይም ከታችም ስላለ 124 ሁለት ጊዜ ይደመርና የጎማው ሙሉ ቁመት 629 ሚሊ ሜትር ይመጣል። 145/65-15ን በዚሁ መንገድ ቢያሰሉት 569 ተኩል ነው። ልዩነቱ 60 ያህል ቢሆንም መኪናዋን የሚያወርዳት ከመሐል በታች ያለው ግማሹ ብቻ ስለሆነ፣ ጓደኞችዎ ያሉት ‹መተኛት› 3 ሴንቲ ሜትር ነው።

ለዚህች 3 ሴንቲ ሜትር ኋላ ላይ የሚከፈለው ብዙ ነው። ሞተሩ የሚነዳው የኋላውን ጎማ በመሆኑ፣ ጎማው ሲያንስ ሞተሩ በተመሳሳይ ፍጥነት 10 በመቶ ያህል ይበልጥ መዞር አለበት። ወደ ጂረን ሽቅብ ሲወጡ ቅልል ይልዎት ይሆናል፤ በወልቂጤ በኩል አዲስ አበባ ድረስ ሲነዱ ግን በነፋስ የሚቀዘቅዝ አሮጌ ሞተር ሰዓታት ሙሉ እየጮኸ ይሄዳል። የሚሸከመውም ክብደት ይቀንሳል። ጎኑ ላይ 72 የተጻፈበት ጎማ (145/65-15 ላይ የተለመደው) 355 ኪሎ፣ 82 የተጻፈበት (155/80-15 ላይ የተለመደው) ደግሞ 475 ኪሎ ይችላል። የቮልስ ክብደት ወደ ኋላ ስለሚያደላ፣ ሰውና ዕቃ ሲጨመር ኋላ ያለው ጎማ ትርፍ አቅም ያስፈልገዋል።

ፊት ላይ 145/65-15 ያለ ችግር ይሠራል፤ አንድ ነገር ግን ይወቁ። የቮልስ ፍጥነት ጠቋሚ ገመድ የሚነሳው ከግራው የፊት ጎማ መሐል ነው። ጎማው ሲያንስ ጠቋሚው 80 ሲል እውነተኛው ፍጥነት 72 ገደማ ይሆናል። ኪሎ ሜትር ቆጣሪውም 5,000 ሲል የሄዱት 4,500 ያህል ነውና ዘይት ሲቀይሩ ያስቡበት።

አሁን ወደ 195። የቮልስ ቸርኬ ወርዱ 4 ወይም 4 ተኩል ኢንች ነው። 195/65 የሚፈልገው ከ5 ተኩል ጀምሮ ነው። በጠባብ ቸርኬ ላይ ሲገባ መሬት የሚነካው ፊቱ ይጎብጥና መሐሉ ቶሎ ያልቃል፤ ወደ ግቤ በሚወርደው ጠመዝማዛ ላይ ደግሞ ጎኑ እየተንሻፈፈ መኪናዋ ትዋልላለች። ሰፊ ጎማ መሬት ይይዛል የሚባለውም ደረቅ አስፋልት ላይ፣ ያውም ልኩ ቸርኬ ሲኖረው ነው። በጅማ ዝናብ ቀላል መኪና በሰፊ ጎማ ውሃ ላይ ትንሳፈፋለች።

ሰፊ ጎማ የማይመከርበት ሌላም ምክንያት አለ። የእርስዎ ቮልስ የኋላ አክስል ምን ዓይነት እንደሆነ ከሥር ገብተው ይዩ። በየጎኑ አንድ የላስቲክ ሽፋን፣ የማርሹ ሳጥን ጋ ብቻ ካለ፣ አክስሉ እንደ ክንፍ የሚወዛወዘው ዓይነት ነው። ሁለት ሁለት ሽፋን ካለ ሌላው፣ በሁለቱም ጫፍ መታጠፊያ ያለው ዓይነት ነው። ክንፋማው ዝቅ ሲል ጎማው አናቱን ወደ ውስጥ ይዘነብላል። የኋላው የመጠምዘዣ ዘንግ (እንደ ስፕሪንግ መኪናዋን የሚሸከመው ብረት) በውጭ በኩል 44 ጥርስ አለው፤ አንድ ጥርስ ማዞር መኪናዋን ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ያወርዳታል፣ ጎማውንም 5 ዲግሪ ገደማ ያዘነብለዋል። የዘነበለ ሰፊ ጎማ የሚሄደው በውስጥ ጠርዙ ብቻ ነው፤ ውጩ ገና አዲስ ሳለ ውስጡ ሽቦ ያወጣል። ከአንድ ጥርስ በላይ እንዲወርድ አንመክርም። ዘንጉ የሚይዘው የብረት ሳህን ከማቆሚያው ሲለቀቅ በኃይል ስለሚወርድ፣ ሥራው ያለ ክሪክና ያለ ጠንካራ ሰንሰለት አይነካም።

ጎማውን ከመግዛትዎ በፊት ለልኬት ብቻ ተውሰው ገጥመው ይሞክሩት። የሎሚ ግማሽ የሚያህል ጠንከር ያለ ሊጥ አቡክተው፣ ፓራፋንጎውን (ጎማውን ከላይ የሚሸፍነውን ቆርቆሮ) ከውስጥ ጠርገውና አድርቀው ከጎማው በላይ፣ በከንፈሩ በኩልና ከኋላ ጫፉ ላይ ይለጥፉ። ኋላ ሁለት ሰው አስቀምጠው በፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ ቀስ ብለው ይለፉ፤ መሪውን እስከ መጨረሻው ግራ፣ ከዚያ ቀኝ አዙረው ይድገሙት። ሊጡን በክብሪት እንጨት እየወጉ ውፍረቱን ይለኩ። ከ10 ሚሊ ሜትር በታች የሳሳበት ቦታ ካለ፣ በሙሉ ጭነትና በፍጥነት ጎማው እዚያ ጋ ይነካል። ያኔ ጠባብ ጎማ ይምረጡ ወይም መኪናዋን ትንሽ ከፍ ያድርጉ። ባትላሜራው ፓራፋንጎውን እንዲቆርጥ አይፍቀዱ፤ የተቆረጠ ከንፈር ጉልበቱን ያጣል፣ በዚህ ዝናብም ቶሎ ይዝጋል።

ጥያቄ፦ «የእኔም ቮልስ ዝቅ ያለች ናት። ጎሚስታ ለአራቱም ጎማ 32 ይሞላልኛል። ከ60 በላይ ስነዳ መሪው ይርገበገባል፤ ኮብልስቶን ላይማ ፊቷ ይዘላል።» (አንባቢ፣ ከአጋሮ)

መልስ፦ ወንድማችን፣ ከንፋሱ ይጀምሩ። ለ155 ራዲያል ጎማ (ዛሬ የተለመደው ዓይነት) ፊት 18፣ ኋላ 27 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ነው፤ ፊት 145/65 ካለ ከ20 እስከ 22 ያድርጉት። ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ይለካ። ፊቷ ቀላል ስለሆነ 32 ሲሞላ ጎማው እንደ ድንጋይ ይደርቃል። የኋላው ከፊቱ እንዳያንስ ይጠንቀቁ፤ ካነሰ ኩርባ ላይ ጭራዋ ይወጣል።

ንፋሱ ተስተካክሎ መርገብገቡ ካልቆመ ጎማዎቹን ባላንስ ያሠሩ፣ የመሪውን አሞርዛተርም ያስፈትሹ። ሁለቱም ደህና ከሆኑ ፊቷ ከኋላዋ አብልጣ ወርዳ እንደሆነ ይለኩ። አፍንጫዋ ሲደፋ የፊት እግሮቹ ወደ ኋላ ዘንበል ማለታቸው ይቀንስና መሪው ቀጥ ብሎ መያዝ ያቅተዋል። መፍትሔው የፊቱን አክስል ከሻሲው ጋር በሚያስሩት ሁለት የታችኛው ብሎኖች ላይ፣ በአክስሉና በሻሲው መካከል ስስ ብረት ማስገባት ነው። ብሎኖቹም በዚያው መጠን ረዘም ያሉ ይሁኑ፣ አለዚያ ጥርሳቸው በቂ አይይዝም።

ጥያቄ፦ «አዲስ ነው ተብሎ የተሸጠልኝ ጎማ ጎኑ ተሰነጣጥቋል። ዕድሜውን በምን ልወቅ?» (አንባቢ፣ ከጅማ መርካቶ)

መልስ፦ ጎኑ ላይ በሞላላ ክብ ውስጥ ያሉትን አራት ቁጥሮች ያንብቡ። 2319 ካለ በ2019 23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። አቆጣጠሩ የፈረንጅ ስለሆነ በእኛ ግንቦት 2011 መጨረሻ ላይ ይውላል። ቁጥሩ አንዳንዴ በአንድ ጎን ብቻ ስለሚታተም ጎማውን ገልብጠው ይዩ። ጥርሱ ምንም ያህል ጥልቅ ቢሆን ጎኑ የተሰነጠቀ ጎማ ይመለስ። የሚተካውን ሲገዙ የቸርኬዎን ጽሑፍም ይመልከቱ፤ ከልኩ ቁጥር አጠገብ የኤች (H) ፊደል ከሌለ የጎማውን ጠርዝ ቦታው ላይ የሚይዝ ጉብታ የለውምና የራዲያል የውስጥ ጎማ ጨምረው ያስገጥሙ።