ሽርክና ስትጀምሩ ስለ መለያየትም ተነጋገሩ

ልጆቼ፣ ደብረ ማርቆስ ላይ የነጋዴዎችን ሒሳብ ስመረምር ነው ያረጀሁት። ሁለት ድርጅቶች ተጣልተው ሲለያዩ ሰው ቶሎ "ተካካዱ" ይላል። እኔ ካየኋቸው አብዛኞቹ ግን ሁለቱም ወገን ታማኝ ሆነው ነው የፈረሱት።

ቢቸና አካባቢ መጋዘን ያለው አንድ ድርጅት ነበር። ገበሬውን ያውቃል፣ ጤፉን ይሰበስባል። አዲስ አበባ ያለው ሸሪኩ መኪናና ደንበኛ አለው። መጀመሪያ አንዱ ያለ ሌላው ፈቀቅ አይልም ነበር። ዓመታት ሲያልፉ ባለ መጋዘኑ የራሱን አይሱዙ ገዛ፤ እህል በረንዳ ያሉትን ደንበኞችም ተዋወቀ። የአዲስ አበባውም ከገበሬዎቹ ጋር በስልክ መነጋገር ጀመረ። የትርፍ ክፍፍሉ ግን እንደ ድሮው ነው። ሁለቱም በልባቸው "ሸክሙ እኔ ላይ ነው" ማለት ጀመሩ።

ጠቡ የወጣው በኪሎ ነው። ቢቸና የተመዘነው ጤፍ አባይ በረሃን ተሻግሮ አዲስ አበባ ሲበጠር ይጎድላል፤ አፈሩና ገለባው ይወጣለታላ! ጉድለቱን ማን ይቻል? ውሉ ላይ አንድ መስመር እንኳ የለም። በደህናው ጊዜ "ተወው፣ ምን አላት" ተባብለው ያልፉት ነበር። ቅሬታ ሲገባ ያችው ኪሎ የስርቆት ማስረጃ ሆነች። ሽማግሌዎቹም ሲሸመግሉ የዋሉት ኪሎውን ነው። ክፍፍሉን ያነሳ አልነበረም።

ትልልቆቹም ከዚህ አያመልጡም። የጀርመኑ መኪና አምራች ቮልስዋገን እ.ኤ.አ. በ2010 መጀመሪያ የጃፓኑን መኪና አምራች የሱዙኪን 19.9 በመቶ አክሲዮን ያዘ። ሱዙኪ ራሱን እኩል አጋር አድርጎ ያያል፤ ቮልስዋገን ደግሞ በዓመታዊ ሪፖርቱ ተጽዕኖ የማሳድርበት ኩባንያ ነው ብሎ ጻፈ። ሱዙኪ የናፍጣ ሞተር ከሌላ መኪና አምራች፣ ከፊያት፣ ሲገዛ ቮልስዋገን "ውል ፈረሰ" አለ። በ2011 ሱዙኪ እንለያይ አለ። ክርክሩ በግልግል ዳኝነት እስከ 2015 ተጓተተ፤ ቮልስዋገንም አክሲዮኑን እንዲሸጥ ተወሰነበት። ለእኔ ያ ሞተር የቢቸናዋ ኪሎ ነው።

ስለዚህ በየዓመቱ ሒሳብ ስትዘጉ "ዛሬ ማን ምን ያመጣል?" ብላችሁ ክፍፍሉን እንደገና እዩት። መውጫውንም ገና ስትዋደዱ ጻፉት። አንዱ ልውጣ ቢል ድርሻውን ማን ይገምታል? በስንት ጊዜ ይከፈለዋል? መጋዘኑስ ለማን ይቀራል? "ምነው ታሟርታላችሁ?" የሚል ዘመድ አይጠፋም፤ እናንተ ግን ጻፉት። ሽማግሌውንም ያኔውኑ ምረጡ። ከተጣላችሁ በኋላ ሁለታችሁም የምታምኑት ሰው ማግኘት ይከብዳችኋል።