«ኩላሊታቸው ሲታከም ልባቸው ለምን ደከመ?»

ጥያቄ፦ የ61 ዓመት አባቴ ኩላሊታቸው ሥራ በማቆሙ ላለፉት ስምንት ወራት በሳምንት ሁለት ጊዜ የኩላሊት እጥበት ያደርጋሉ። በቅርቡ የልብ አልትራሳውንድ ተነሥተው «ልባቸው ደክሟል» ተባልን። ልባቸውን የጎዳው እጥበቱ ይሆን? ጎረቤቶቻችን ደግሞ «ኩላሊት ውሃ ይወዳል» እያሉ አብዝተው እንዲጠጡ ይመክሯቸዋል።
ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከሁሉ አስቀድሞ መቆም ያለበት የጎረቤቶችዎ ምክር ነው። ውሃ ማብዛት የሚጠቅመው ኩላሊቱ እየሠራ ጠጠር ለሚያስቸግረው ሰው ነው። የአባትዎ ኩላሊት ግን ውሃውን ማስወጣት ስለተሳነው፣ የጠጡት አብዛኛው እስከሚቀጥለው እጥበት ድረስ በሰውነታቸው ይጠራቀማል፤ ያን ሸክም የሚገፋው ደግሞ ልባቸው ነው።

ልብ ከሚረጨው ደም አንድ አምስተኛ ያህሉ ወደ ኩላሊት ስለሚሄድ የሁለቱ ጤና የተሳሰረ ነው። ኩላሊት ሲደክም ጨውና ውሃ ተጠራቅመው የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋሉ፣ የልብም ግድግዳ ይወፍራል፤ ቀይ የደም ሴል እንዲመረት የሚያዘው የኩላሊት ሆርሞን ሲያንስ ደግሞ የደም ማነስ ይከተላል፣ ልብም ያለ ዕረፍት ይሠራል። ስለዚህ የአባትዎ ልብ መጎዳት የጀመረው ከእጥበቱ በፊት ሳይሆን አይቀርም። ሆኖም በሁለት እጥበቶች መካከል ብዙ ውሃ ከተጠራቀመ በአንድ ጊዜ በፍጥነት ማውጣት ግድ ይሆናል፤ ያኔ ግፊታቸው ይወርዳል፣ ልባቸውም ይፈተናል።

የተለመደው እጥበት በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው አራት ሰዓት ያህል ነው። ወጪው ለብዙ ቤተሰብ ከአቅም በላይ መሆኑን አውቃለሁ፤ ሦስተኛው ቀን ካልተቻለ ግን የጨውና የውሃው ቁጥጥር የበለጠ መጥበቅ አለበት። ከወጡ ጨው ይቀንሱላቸው፤ ጨው ሲያንስ ጥሙም ይቀንሳል። በየቀኑ ይመዝኗቸው፤ ምን ያህል እንዲጠጡና ያለ ትርፍ ውሃ ስንት ኪሎ መሆን እንዳለባቸውም ሐኪማቸውን ይጠይቁ። ለደም ማነሱ የሚሰጠውን መርፌና የልብ መድኃኒታቸውን አያቋርጡ፤ ለሕመም ማስታገሻም ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ከፋርማሲ በራስዎ አይግዙላቸው።

ስለ ንቅለ ተከላም ሐኪማቸውን ያማክሩ። በአገራችን በ2008 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ተጀምሯል፤ አዲስ ኩላሊት ያገኙ አንዳንድ ሕሙማን የልባቸው አቅም ጭምር ይሻሻላል።

ሙዝና አቮካዶ ፖታሲየም ስለሚበዛባቸው መጠኑን ሳይጠይቁ አይስጧቸው፤ ፖታሲየም ሲጨምር የልብ ምት በድንገት ሊዛባ ይችላል። አባትዎ ጋደም ሲሉ ትንፋሽ ካጠራቸው፣ ወይም በድንገት ሰውነታቸው ዝሎ የልብ ምታቸው ከተዛባ፣ የእጥበት ቀናቸው እስኪደርስ ሳይጠብቁ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷቸው።