መልስ፦ «ሁሉም ይጥላል» ማለቱን ተዉት

ወንድሜ፣ «ደብረ ብርሃን ሰፈራችን ውስጥ 'ብዙ ሰው ፌስታል እየጣለ ነው፣ አትጣሉ' ብለን ለጠፍን፤ ጭራሽ ባሰ» ብለሃል። ጥፋቱ ጽሑፉ ላይ ነው። አሜሪካ፣ አሪዞና ውስጥ ድንጋይ የሆነ ጥንታዊ እንጨት የሚሰረቅበት ፓርክ አለ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሮበርት ቻልዲኒና ባልደረቦቹ እዚያ ሞከሩት። «ብዙዎች ወስደዋል» የሚል ሰሌዳ ሲቆም ምልክት ካደረጉባቸው ቁርጥራጮች ወደ 8 በመቶው ጠፋ። «እባክዎ አይውሰዱ» ሲባል ግን 2 በመቶም አልሞላ። ሰው ሌላውን አይቶ ነዋ! የመንዝን ጓሳ፣ ሕዝቡ በጋራ የሚጠብቀውን የሣር መሬት፣ እይ እስቲ። ሣሩ ለዓመታት ተዘግቶ ይቆያል፣ ሲከፈት አብሮ ይታጨዳል። ቀድሞ ማጭድ ያነሳ ሰው ጎረቤቱ ያየዋል (እኛ አገር ደግሞ ይሉኝታ ቀላል ነገር አይደለም)። እናንተም ዘንቢል ይዘው ገበያ የሚወጡትን እናቶች ቁጠሩና ቁጥሩን ለጥፉ። ቅጣት ካሰባችሁም ይቆይ።